ዐይኑ ለደከመና ጆሮው ለከበደ ሰው ኮምፒዩተርን ስለ ማመቻቸት፤ ስለ ቤት ኔትወርክም አሠራር



በቀድሞው ልማድ ደብዳቤ የመጣለት ሰው ማንበብ የማይችል እንደ ሆነ ከጎረቤት ተማሪ ጠርቶ ያስነብብ ነበር፤ ጠሪውም ሳይወድ የቤቱን ምስጢር ለሌላ ሰው ይገልጥ ነበር። ዛሬ ደግሞ ፊደል ጠንቅቆ የሚያውቅ፥ ዘመኑን በሙሉ በጽሕፈት ሥራ ያሳለፈ ሽማግሌ፥ ዐይኑ ስለ ደከመ ብቻ የባንኩን መልእክትና የሐኪሙን ቃል፥ ባሕር ማዶ ያለው ልጁም የሚጽፍለትን ነገር ሁሉ በልጅ ልጁ አፍ ሲሰማ እናያለን። ይህም ሰው ማንበብን አልረሳም፤ የጎደለው ነገር ቢኖር በፊቱ የተቀመጠው ኮምፒዩተር ለእንደ እርሱ ያለው ሰው የተሰናዳ መርጃ በውስጡ እንደ ያዘ የሚነግረው ሰው ብቻ ነው። መርጃውም ከሱቅ የሚገዛ አይደለም፤ ዕቃው ሲገዛ አብሮ የመጣ ነውና ዋጋው ተከፍሏል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሞከረው ፊደልን ማጕላት ነው። በዊንዶውስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ያለው ሰው የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከዩ ፊደል ጋር አንድ ጊዜ ቢጫን፥ ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን የተሰናዳው ክፍል በሙሉ በአንድ ገጽ ይከፈትለታል። በዚያ ገጽ የጽሑፍን መጠን ከ100 እስከ 225 በመቶ ማሳደግ ይቻላል። ይህም ያልበቃው እንደ ሆነ፥ የመስኮቱን ቁልፍ ይዞ የመደመርን ምልክት ሲጫን እንደ አጕሊ መነጽር ያለ መሣሪያ ይመጣል፤ የመስኮቱን ቁልፍ ከኢስኬፕ ቁልፍ ጋር ሲጫን ደግሞ ይጠፋል። ብዙ ሰው ግን ከፊደሉ ማነስ ይልቅ የሚቸገረው በስክሪኑ ነጭ ብርሃን ነው፤ ሞራ የጀመረው ዐይን ይልቁንም ብርሃኑን አይታገሥም። ለዚህ ሰው ፊደሉን ነጭ፥ መደቡን ጥቁር ማድረግ ከማጕላት ይሻለዋል። የማውሱን ቀስትም አግዝፎ ቀለሙን መለወጥ ይቻላል፤ ቀስቱ ጠፋብኝ እያለ የሚማረር ሽማግሌ በዚህ ብቻ ብዙ ዕረፍት ያገኛል። በስልክም ላይ ይኸው ሁሉ ስለሚገኝ፥ ቅንብሮች በሚባለው ክፍል ገብቶ መፈለግ ነው።

ዐይኑ ጨርሶ ለማያይ ሰው ደግሞ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ መሣሪያ አለ። የዚህን መሣሪያ ታሪክ ማወቅ ደስ ያሰኛል፤ ከሠሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ራሳቸው ዐይነ ስውራን ናቸውና። ጆስ የተባለውን አንባቢ ያወጡት ቴድ ሄንተር በመኪና አደጋ የዐይናቸውን ብርሃን ያጡ አሜሪካዊ ናቸው። ኤንቪዲኤ የተባለውን ደግሞ በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ማይክል ከራን የተባሉ አውስትራሊያዊ ጀመሩት፤ ጄምስ ቴህ የተባሉ ባልንጀራቸውም ተባበሯቸው፤ ሁለቱም ዐይነ ስውራን ሲሆኑ ሥራቸውን ለዓለም ሁሉ በነጻ ሰጡት። አፕል የተባለው ኩባንያ ቮይስኦቨር የተባለውን አንባቢ በ2005 በኮምፒዩተሩ፥ በ2009 ደግሞ በስልኩ ውስጥ ጨመረ። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ናሬተር የመስኮቱን ቁልፍ፥ ኮንትሮልንና ኢንተርን በአንድነት በመጫን ይነሣል፤ በዚያው መንገድም ይቆማል። ማቆሚያውን አስቀድሞ ማስተማር ይገባል፤ ድምፁ በድንገት ተነሥቶ አልቆም ሲል የደነገጠ ሰው ዳግመኛ ሊነካው አይወድምና።

አማርኛን በሚመለከት ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ነጻ የድምፅ መሣሪያ አማርኛን ከሚያነባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ ይዟል፤ ድምፁ ደረቅ ቢሆንም ለለመደው ጆሮ ይገባል። ዋናው ችግር ከፊደላችን ጠባይ የሚመጣ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓል ነው፥ ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፤ «ይሰማል» ሲላላ ሰውዬው ያዳምጣል ማለት ነው፥ ሲጠብቅ ግን ድምፁ ለጆሮ ይደርሳል ማለት ነው። እኛ ከንባቡ አካሄድ እናውቀዋለን፤ መሣሪያው ግን ይገምታል፥ አንዳንድ ጊዜም ይስታል። ስለዚህ አዲስ ተጠቃሚ መሣሪያው ሲሳሳት ቢሰማ ጥቂት ቀን ታግሦ ጆሮውን ያስለምድ እንጂ ተስፋ ቈርጦ አይተወው።

እዚህ ላይ መሥሪያ ቤት ለሚያስተዳድሩና ደብዳቤ ለሚፈርሙ አንባቢዎቻችን ልዩ ቃል አለን። በመሥሪያ ቤቶቻችን አንድ ደብዳቤ ከተጻፈ በኋላ ይታተማል፥ ይፈረማል፥ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከዚያም በስካነር ፎቶግራፉ ተነሥቶ በኢሜይል ይላካል። ለሚያይ ሰው ይህ ደብዳቤ ነው፤ ለድምፅ አንባቢው ግን ሥዕል ነው፥ በውስጡም አንዲት ፊደል የለችበትም። ዐይነ ስውር የሆነ ጸሓፊ ወይም ባለጉዳይ ይህን ፋይል ሲከፍት መሣሪያው ዝም ይላል፤ ሰውዬውም ዕድገቱን ወይም ስንብቱን፥ የፍርዱን ቀጠሮ ወይም የመሬቱን ጉዳይ ከጎረቤቱ ጠረጴዛ ጠይቆ ይረዳል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም መረጃ ለሁሉ በሚደርስበት መንገድ እንዲቀርብ ያዛል። መድኃኒቱ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ከተፈረመው ሥዕል ጋር፥ ጽሑፉ መጀመሪያ የተጻፈበትን ፋይል አብሮ መላክ ነው።

ሌላም የተሰወረ መሰናክል አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፥ በአንዳንድ መሥሪያ ቤትም ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን፥ አማርኛ ይጻፍ የነበረው በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝን መልክ በመሳል ነበር። እንዲህ የተጻፈ ሰነድ በስክሪኑ ላይ መልካም አማርኛ መስሎ ይታያል፤ በውስጡ ግን የተዘበራረቀ ላቲን ስለ ሆነ የድምፅ አንባቢው ትርጉም የሌለው ጩኸት ያሰማል። ፋይሉ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለመመርመር፥ ከጽሑፉ አንድ መስመር ቀድቶ በስልክ መልእክት መጻፊያ ላይ መለጠፍ ይበቃል፤ አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ደኅና ነው፥ ወደ ላቲን ከተለወጠ ግን በዩኒኮድ እንደ ገና ሊጻፍ ወይም ሊገለበጥ ይገባዋል።

እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም በአንድ እጁ ብቻ ለሚጽፍ ሰው፥ ሺፍት የተባለውን ቁልፍ አምስት ጊዜ ደጋግሞ መጫን ሁለትና ሦስት ቁልፍ በአንድነት ከመያዝ ያድነዋል፤ ቁልፎቹን ተራ በተራ ቢጫናቸውም መሣሪያው በአንድነት እንደ ተጫነ ይቈጥርለታል። ጆሮው ለከበደ ሰው ደግሞ የሚነገረውን በጽሑፍ የሚያወጣ መሣሪያ አለ፤ በዊንዶውስ 11 የመስኮቱን ቁልፍ፥ ኮንትሮልንና ኤል የተባለውን ፊደል በመጫን ይመጣል። የሚያውቃቸው ቋንቋዎች ግን ውሱን ስለ ሆኑ አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል።

ጆሮን ካነሣን ወደ ኔትወርክ የሚያሻግረን አንድ ታሪክ አለ። ኢንተርኔት የሚሠራበትን ሕግ በ1974 ከቦብ ካን ጋር ሆነው በጽሑፍ ያወጡት ቪንት ሰርፍ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው የከበደና በመስሚያ መሣሪያ የሚረዱ ሰው ናቸው። ባለቤታቸውም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ነበሩ፤ በ1996 በውስጥ ጆሮ የሚተከል መሣሪያ ተደርጎላቸው መስማት ጀመሩ። ስልክ ለማይመቸው ሰው የተጻፈ መልእክት ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ ቪንት ሰርፍ ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። እንግዲህ ኢሜይልና ኢንተርኔት ለጤነኞች ብቻ ተሠርቶ ለአካል ጉዳተኛ በኋላ የተጨመረ ነገር አይደለም።

የዚያም ሕግ አሠራር እንዲህ ነው። የሚላከው ነገር ሁሉ፥ ደብዳቤም ቢሆን ሥዕል ወይም ድምፅ፥ በትናንሽ እሽግ ይከፋፈላል፤ አንዱ እሽግ ብዙውን ጊዜ ከ1500 ባይት አይበልጥም። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፥ አድራሻው የሚይዘው ቦታ ከተቀነሰ በኋላ በአንድ እሽግ ውስጥ 480 ያህል ፊደል ይገባል። እሽጎቹ እያንዳንዳቸው የላኪውንና የተቀባዩን ቍጥር ይዘው በተለያየ መንገድ ሊጓዙ ይችላሉ፤ ሲደርሱ በተራቸው ይሰደራሉ፤ በመንገድ የጠፋ ቢኖር ተቀባዩ እንደ ገና ያስልካል። ቍጥሮቹን ሰው ሊያስታውሳቸው ስለማይችል፥ ስም ሲጠራ ቍጥሩን የሚነግር ዲኤንኤስ የሚባል መዝገብ አለ።

ቍጥሩ በነጥብ የተለዩ አራት ክፍሎች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። በዚህ ስሌት የሚገኘው አድራሻ 4,294,967,296 ነው፤ ለዓለም ሕዝብና ለመሣሪያዎቹም አልበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት በውጭ አንድ ቍጥር፥ በውስጥ ደግሞ የራሱን የግቢ ቍጥሮች ይዞ ይኖራል፤ 192.168 እያለ የሚጀምረው ከግቢው ወገን ነው። በግቢው በር ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ለየባለቤቱ የሚያደርሰው ራውተር ይባላል። ለአዲስ ስልክ ቍጥር የሚሰጠውም እርሱ ነው።

ራውተሩን ብዙ ሰው ገመዱ ከገባበት ጥግ ላይ፥ ከቴሌቪዥን ወይም ከማቀዝቀዣ ጀርባ ያኖረዋል፤ ከዚያም በእልፍኝ ተኝተው የሚውሉት እናት የልጃቸው ፊት ተቈራረጠብኝ እያሉ ያዝናሉ። ብረትና ወፍራም የድንጋይ ግንብ የዋይፋይን ማዕበል ይውጡታል። ራውተሩ ከቤቱ መካከል፥ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል። ሁለት ዓይነት ማዕበል የሚሰጥ እንደ ሆነ፥ 2.4 የተባለው ግንብን በተሻለ ያልፋል፥ 5 የተባለው ግን በቅርቡ ላለው ፈጣን ነው። በምልክት ቋንቋ ለሚነጋገር ቤተ ሰብ ደግሞ የሚመጣው ፍጥነት ብቻውን አይበቃም፤ የእጁ እንቅስቃሴ ሳይቈረጥ እንዲደርስ የሚወጣውም ፍጥነት ሊመረመር ይገባል፥ አቅራቢዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስነግሩት የፊተኛውን ነው።

ኢንተርኔት ጠፋ በተባለ ጊዜ ወዲያው የቴሌኮም ሠራተኛ ከመጥራት በፊት ሌላ ስልክ ይሞከር። ሌላው የሚሠራ ከሆነ ጉድለቱ ከመሣሪያው ነው። ሁሉም የማይሠሩ ከሆነ ራውተሩን ከመብራት ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቈይቶ መመለስ ነው። የዋይፋይ ምልክት ሙሉ ሆኖ ሳለ ገጽ አልከፈት ካለ ደግሞ የግቢው መንገድ ደኅና ነው፥ የተቈረጠው ከበር ውጭ ያለው ነው፤ ይህንንም ለሠራተኛው አስቀድሞ መንገር ጊዜ ያተርፋል። ከራውተሩ ጋር የመጣውን የይለፍ ቃል ግን በመጀመሪያው ቀን መለወጥ ይገባል፤ የብዙ ራውተር የፋብሪካ ቃል ለማንም የታወቀ ነውና።

በመጨረሻ፥ በዋሽንግተን ወይም በሮም ያለ ልጅ በአዲስ አበባ ያሉትን አባቱን ከሩቅ ሆኖ ሊረዳ የሚችልበት መሣሪያ አለ። በዊንዶውስ ውስጥ ኩዊክ አሲስት ይባላል። ልጁ አጭር ምስጢራዊ ቃል ያወጣና በስልክ ለአባቱ ይነግራል፤ አባቱ ያንን ጽፈው ሲፈቅዱ ልጁ ስክሪናቸውን ያያል፥ ፈቃድ ቢሰጠውም ፊደሉን ራሱ አጕልቶ፥ ድምፁን አስተካክሎ ይወጣል። ነገር ግን ይኸው በር ለሌባም ይከፈታል። ከባንክ ነኝ ወይም ከኮምፒዩተር ኩባንያ ነኝ ብሎ ባልተጠበቀ ሰዓት የሚደውልና ይህን ቃል ጻፉልኝ የሚል ሰው አታላይ ነው፤ የገንዘቡን ሒሳብ በዐይናቸው ፊት ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ አባትና ልጅ አንድ ደንብ ይስማሙ፦ ጥሪው ሁልጊዜ ከአባት ወገን ይጀምር፤ አባት በሚያውቁት ቍጥር ራሳቸው ደውለው የልጃቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ምንም ቃል አይጻፉ፤ ልጁም ሥራውን እንደ ጨረሰ አባት በገዛ እጃቸው መስኮቱን ይዝጉት።