«ኖርማል» የሚለው ወረቀት ምርመራውን አይዝጋው

ለአቡ ዳቢ የጤና መምሪያ
አቡ ዳቢ

እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በአቡ ዳቢ የሚጋቡ ዜጎች 570 ጂኖችን የሚፈትሽ የዘረመል ምርመራ እንዲያደርጉ ማስገደዳችሁ የሚያስመሰግን ነው። ይህን የምጽፈው ግን የጋብቻ ምርመራ ብቻውን ስለማይዘው ሕመም ነው፤ ሄሞግሎቢኑ እየዘቀጠ ቀይ የደም ሕዋስን ስለሚያፈርሰው፣ ያልተረጋጋ ሄሞግሎቢን ስለሚባለው።

የታላሴሚያና የሲክል ሴል ምርመራ በዋናነት የሚያስበው ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ነው። ይኼኛው ከአንድ ወላጅ ብቻ ይወረሳል፤ አንዳንዴም ወላጆቹ ሳይኖርባቸው በልጁ ላይ ይጀምራል። ስለዚህ ዋናው መያዣው ተራው የላቦራቶሪ ጠረጴዛ ነው።

እዚያም ያመልጣል። ኤሌክትሮፎረሲስ ሄሞግሎቢንን በኤሌክትሪክ ቻርጁ ይለያል፤ ለውጡ ቻርጁን ካልነካው ውጤቱ «ኖርማል» ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሚታወቀው የአይሶፕሮፓኖል ምርመራ ግን ውድ ማሽን አይጠይቅም። ከቀይ ሕዋሳት የወጣው ሄሞግሎቢን ከ17 ፐርሰንት አይሶፕሮፓኖል ጋር ተደባልቆ በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ጤናማው ጥርት እንዳለ ሲቆይ፣ ያልተረጋጋው በ5 ደቂቃ ገደማ ይደፈርስና በ20 ደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል። ደሙ ትኩስ መሆን፣ ከጎኑም ለማነጻጸሪያ የጤናማ ሰው ደም መኖር አለበት፤ የቆየ ደም ያሳስታል። የጽንስ ሄሞግሎቢንም ስለሚያሳስት ለአራስ ልጅ አይሆንም። አልአይን ላይ የተቀዳ ደም 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አቡ ዳቢ ከሚመረመር እዚያው አልአይን ቢሠራ የምለው ደሙ ትኩስ መሆን ስላለበት ነው።

የኢትዮጵያውያን ወገኖቼን ነገር ላንሳ። ደም ሲፈርስ ዓይንም ቢጫ ይሆናል። እኛ ዘንድ ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ይባልና ጉበት ይጠረጠራል። ለመኖሪያ ፈቃድ የጉበት ቫይረስ ምርመራ እንዳለባት የምታውቅ የቤት ሠራተኛ ቢጫ ዓይኗን ብትደብቅ አልፈርድባትም። ደፍራ ብትመጣም ደም ማነስ ነው ተብሎ የብረት ክኒን ይዛ ልትመለስ ትችላለች። እየተሰባበረ ለሚያልቅ ደም ግን ብረት መድኃኒቱ አይደለም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ደሙ እየፈረሰ፣ የጂ6ፒዲ ኢንዛይም ምርመራውም ኤሌክትሮፎረሲሱም ደህና ሆኖ ለተገኘ ሕመምተኛ የአይሶፕሮፓኖል ምርመራው ሐኪም እስኪያዝዝ ሳይጠበቅ ይሠራ፤ አጠራጣሪ ከሆነ በግሎቢን ጂን ምርመራ ይረጋገጥ። በሽታው የተገኘበት ሰውም በሚያነበው ቋንቋ፣ አማርኛን ጨምሮ፣ ካርድ ይሰጠው። ሄሞግሎቢን ዙሪክ በሚባለው ዓይነት እንደታየው የሰልፋ መድኃኒት ደሙን በድንገት ሊያፈርሰው እንደሚችል፣ በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም በአንዳንዶቹ ዓይነቶች ከእውነተኛው በታች ሊያነብ እንደሚችል ካርዱ ላይ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር
በአልአይን የሚኖር ኢትዮጵያዊ የላቦራቶሪ ባለሙያ