ሳቅና ቁም ነገርን ማን አፋታቸው?

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ «የሳይንስ ልቦለድ ድራማ ቀልድ ከገባበት ቁም ነገሩ ይረክሳል» ብሎ ሲሞግተኝ አመሸ። አልስማማም!

በ2007 ዓ.ም. የወጣውን፣ ዳንኤል ታደሰ የተወነበትን «ክራምስ» የተባለ የአማርኛ ፊልም ያያችሁ ታውቃላችሁ። ዓለም ከጠፋች በኋላ የተረፉት ሰዎች የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ውድ ቅርስ ይገበያያሉ። ያስቃል። ሳቁ ሳያባራ ግን «እኛስ ዛሬ የምናመልከው ምንድን ነው?» ያሰኛል።

ቴሌቪዥናችን ግን ለሳቅ ሲትኮም፣ ለለቅሶ ተከታታይ ድራማ ብሎ ከፋፍሎታል። ለመጪው ዘመንማ ቦታም የለው!

እስቲ አስቡት፤ ዘመኑ 2115፣ ቦታው ቡሬ። አንድ ሮቦት የማዳበሪያ ወረፋ ይዟል። «መታወቂያህ አልታደሰም፣ ነገ ተመለስ» ይሉታል። ከኋላው ያለው ገበሬ «አይዞህ ወንድሜ፣ ቅድመ አያቴም እዚሁ ነው የቆመው» ይለዋል።

ሳቃችሁ አይደል? በ2015 ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ አቤት ሊል የሄደው ገበሬ ግን አልሳቀም። ሚዛኑ እዚህ ላይ ነው፦ በወረፋው እንሳቅ፣ በተሰለፈው ሰው አንሳቅ። የገጠሩን ሰው አነጋገር እያጣመሙ ማሳቅ ቀልድ አይደለም፣ ንቀት ነው።

ቀልዱን ጨርሳችሁ ካወጣችሁት ደግሞ የሚቀረው ስብከት ነው። ስብከት ሲጀመር የፍኖተ ሰላም ሻይ ቤት ሁሉ ቻናል ይቀይራል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?