ቆላ ወርዶ ለሚመለስ ሰው

የእኛ የአማኑኤል አገር ደጋ ነው። ብርዱ ስለሚበረታ የወባ ትንኝ እንደ ልቧ አትራባም። ስለዚህ ብዙዎቻችን «ወባ የቆላ ሰው በሽታ ነው» እንላለን። ነገር ግን እኛ ደገኞች ለሥራ ቆላ እንወርዳለን። ክረምቱ ሲወጣ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚሄድ አለ። ዓባይ በረሃ የሚወርድም አለ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው።

ወባ እንዴት ይይዛል? ሴቷ የወባ ትንኝ የታመመውን ሰው ትነድፋለች። በዓይን የማይታየውን የወባ ጀርም ከደሙ ትወስዳለች። ከቀናት በኋላ ጤነኛውን ስትነድፍ ታስተላልፍበታለች። ወባ ከበቆሎ እሸት አይመጣም። ከምንጠጣው ውሃም አይመጣም።

ደገኛውን ወባ ይብስበታል። ሰውነቱ በሽታውን አልለመደውማ! ይህ በአገራችን ታይቷል። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ወባ ወትሮ ወደማይበረታበት ከፍተኛ አገር ወጣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፣ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል።

ታዲያ ቆላ የሚወርድ ሰው ምን ያድርግ?

አጎበር ይያዝ። ሜዳ ላይ ቢያድርም በእንጨት ወጥሮ ይተኛበት። ጫፉን ከመኝታው ሥር ይጠቅጥቀው። ትንኟ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና።

ቤቱ ከገባ በኋላስ? ትኩሳቱ የሚጀምረው ትንኟ በነደፈች ዕለት አይደለም። አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከወር በላይ ይቆያል። ሰውየው ደህና ሆኖ ይገባና ቤቱ ይታመማል። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። ሰው የሚሞተው በዚህ መካከል ነው።

ስለዚህ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ሲጀምረው በዚያው ቀን ጤና ኬላ ይሂድ። «ቆላ ነበርኩ» ብሎ ይናገር። ደሙን ያስመርምር። የታዘዘለትን መድኃኒት ይጨርስ። ትኩሳቱ ሲበርድ ኪኒን ከፍሎ ለወንድም ማስቀመጥ ሁለቱንም ይጎዳል። ለአንዱም ለሌላውም አይበቃም።

ዘመዳችን ስንቁን ሲቋጥር አጎበሩን እናስታውሰው። ሲመለስም «እንኳን ደህና ገባህ» ካልን በኋላ «ትኩሳት አለህ ወይ?» ብለን እንጠይቀው። ያነበብን ላላነበበው እንንገር።