አየርን ወደ ማዳበሪያ መለወጥ

ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በጎዴ የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም መፈራረማቸው የሚታወስ ነው። በዕቅዱ መሠረት ፋብሪካው ከካሉብና ከሒላላ በቧንቧ በሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን እንዲያመርት ታስቧል። ዩሪያን በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ለምታስመጣ አገር ይህ ታላቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን ተስፋው በምን ሁኔታ እንደሚፈጸም ለመረዳት፥ በመጀመሪያ የአሞኒያን አሠራር መመልከት ይገባናል፤ ዩሪያ የሚገኘው አሞኒያ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሐድ ነውና።

አሞኒያ ከአንድ እጅ ናይትሮጅንና ከሦስት እጅ ሃይድሮጅን ይሠራል። ናይትሮጅኑ ከምንተነፍሰው አየር፥ ሃይድሮጅኑም ከተፈጥሮ ጋዝና ከውሃ እንፋሎት ይገኛል። ይሁን እንጂ ናይትሮጅን ከሌላ ጋር በቀላሉ አይዋሐድም። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1909 ይህን በቤተ ሙከራ ፈጸመ፤ ካርል ቦሽም በ1913 በኦፓው ወደ ፋብሪካ ሥራ አደረሰው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ ሙቀት ስለሚያወጡ፥ ሙቀቱ ዝቅ ቢል ብዙ አሞኒያ ሊገኝ ይችላል፤ ግን ሥራው እጅግ ይዘገያል። ሙቀቱ ከፍ ሲል ሥራው ይፈጥናል፤ ግን የተገኘው አሞኒያ ተመልሶ ይፈርሳል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። ስለዚህ መካከለኛው መንገድ ተመረጠ፤ ይኸውም ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና፥ ራሱ ሳያልቅ ሥራውን የሚያፋጥን የብረት ካታሊስት ነው። አራት እጅ የነበረው ጋዝ ሁለት እጅ ስለሚሆን ግፊትም ይረዳል፤ ግን ግፊት በጨመረ ቁጥር የመሣሪያው ወጪ ስለሚከብድ፥ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከአየር ግፊት ከ150 እስከ 250 እጥፍ በሆነው ይሠራሉ። እንዲህም ሆኖ በአንድ ዙር አሞኒያ የሚሆነው ከመቶ 15 እጅ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ጋዝ እንደገና ይዞራል።

እንግዲህ ይህ ፋብሪካ እንደ እህል ወፍጮ ጠዋት አስነሥተው ማታ የሚያቆሙት አይደለም። በቆመ ቁጥር ሙቀቱና ግፊቱ ይወርዳል፤ እንደገና ለማስነሣት ጊዜና ጋዝ ይባክናል። ጋዝ፥ ኤሌክትሪክና የሠለጠነ ባለሙያ ሳይቋረጡ ሊገኙለት ያስፈልጋል። ደግሞም ጎዴ ከደጋው እርሻ ሩቅ ናት፤ ማዳበሪያው ገበሬው በሚፈልገው ጊዜ ካልደረሰ በመጋዘን መከማቸቱ አይጠቅምም። ስለዚህ ከፋብሪካው ግንብ ጋር ቧንቧው፥ መንገዱና የባለሙያዎቹ ሥልጠና አብረው ሊሠሩ ይገባል እንላለን።