ዱሩ የማን ቤት ነበር?

በየዓመቱ ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ሳምንታት አንድ ዓይነት የጉዞ ማስታወሻ ብቅ ይላል፤ አገር ሰላም በሆነበት ዓመት ብዙ፣ ባልሆነበት ዓመት ጥቂት። ሁለት ጓደኛሞች አሉ። አንዱ ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም ወይም ከዱባይ የመጣ ነው፣ ሌላው አገር ቤት የቀረ። ሁለት ሦስት ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ ይጨፍራሉ። ከዚያ ጎንደር በርረው፣ ደባርቅን አልፈው፣ የስሜን ተራሮች ላይ ድንኳን ይተክላሉ። ጽሑፉ የሚቆመው ሁልጊዜ በአንድ ተቃርኖ ላይ ነው፦ ከተማው ጩኸት፣ ተራራው ጸጥታ፤ ከተማው በሰው የታጨቀ፣ ተራራው ባዶ። መጨረሻ ላይ ጸሐፊው «ራሱን ያገኛል»።

ተቃርኖው ሐሰት ነው። ሐሰትነቱን ደግሞ ከማንም በፊት የሚመሰክረው ማስታወሻው የተጻፈበት ቋንቋ ነው። አማርኛ ለባዶ ተራራ የሚሆን ቃል የለውም። «ዱር ቤቴ» ያለ ሰው ሸፍቷል። ጫካ የገባ ጠመንጃ ይዟል። በረሃ የወረደ ወይ መንኗል ወይ ታጋይ ሆኗል። በእነዚህ ቃላት ውስጥ ሁሉ አንድ ሰው አለ፤ ከመንግሥት የተጣላ ወይም ከፈጣሪው ሊታረቅ የወጣ። «ያልተነካ ተፈጥሮ» የሚለው ሐረግ ከቱሪዝም ብሮሹር የመጣ ትርጉም ነው፤ ሲነበብም ትርጉም ትርጉም ይላል።

ድንኳን የሚተከልባቸውን ቦታዎች እንይ፦ ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ። ግጭ የድንኳን ሰፈር ከመሆኑ በፊትም ሆነ ከሆነ በኋላ የሰው መንደር ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። በ2016 ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በማግስቱ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። እርሻና ግጦሽ ዋልያውንና ሣሩን አላስጨነቀም ብሎ የሚከራከር የለም፤ አስጨንቋል። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩን ከቅኝ ግዛት አስተሳሰብ ጋር አያይዞ ተሟግቶበታል፤ ከእሱ ጋር አለመስማማትም ይቻላል። የማይቻለው የግጭን ጸጥታ «ከዘመናት በፊት የነበረ» ብሎ መጻፍ ነው። ያ ጸጥታ ዕድሜው ገና አሥር ዓመት ገደማ ነው።

የአየርላንዷ ዴርቭላ መርፊ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በቅሎ እየነዳች እነዚህን ተራሮች አቋርጣ ነበር። ስለ ጉዞዋ በጻፈችው መጽሐፍ ውስጥ ተራራው በሰው የተሞላ ነው፤ ያሳደራት አለ፣ ያበላት አለ። ፈረንጇ ያየችውን ሰው ወገኑ አለማየቱ ይገርማል።

የከተማው ግማሽም ከዚህ አይሻልም። ማስታወሻዎቹ የሚወዱት አዝማሪ ቤት ነው፤ በማሲንቆው፣ በ«ተቀበል»ው፣ ግንባር ላይ በሚለጠፈው ብር የተነሣ «የአዲስ አበባ ሌሊት ነፍስ» ይሉታል። ግን ያ አዝማሪ ከየት መጣ? ከብዙዎቹ አዝማሪዎች ጀርባ ጎንደር፣ ጎጃም ወይም ወሎ አለ፤ ጎንደር አጠገብ ያለችው ቡርቧክስ በአዝማሪዎቿ የታወቀች ናት። ስለዚህ ተጓዡ ማታ ያጨበጨበለት ዜማ፣ በማግስቱ «ድምፅ የሌለበት» ብሎ ከጻፈለት ደጋ የወረደ ነው። አዝማሪ ቤቶቹ የደሩበት ካዛንቺስም ቢሆን ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በልማት ስም ፈርሷል። ከግጭ የተነሣው ገበሬና ከካዛንቺስ የተነሣው ተከራይ በአንድ የጉዞ ማስታወሻ ውስጥ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችሉ ነበር። አንዳቸውም የሉም። ያሉት የፀሐይ መጥለቅና የኮክቴል ዋጋ ናቸው።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን አገር ቤት የቀረው ጓደኛ ነገር ነው። ስም የለውም፤ «ጓደኛዬ» ነው። ታክሲ የሚከራከረው እሱ፣ ከበቅሎ ባለቤቱ ጋር ዋጋ የሚነጋገረው እሱ፣ ጭፈራ ቤት በር ላይ ጠባቂውን የሚለማመጠው እሱ። ስለ መንገዱ ደኅንነት ሲያነሣ «ያው የአበሻ ፍርሃት» ተብሎ ይሳቅበታል። እስቲ ይታሰብ፦ የሰሜኑ ጦርነት ከነሐሴ 2013 እስከ መስከረም 2014 ዓ.ም. ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ጦርነት አለ። «ጫካ ልንገባ ነው» የሚለው ቀልድ ኬላ ላይ ቀልድ አይደለም። ቢጫ ካርድና የመመለሻ ትኬት የያዘው በጥር መጨረሻ ይሄዳል። ፎቶው ላይ አብሮ የቆመው ግን በዚያው መንገድ፣ በዚያው መታወቂያ፣ በየካቲትም በመጋቢትም ያልፋል። ይህን ልዩነት ሳይጽፉ ስለ ወዳጅነት መጻፍ፣ ወዳጁን እንደ ሻንጣ ጭኖ መዞር ነው።

ሌሊት ጨፍሮ ተራራ ላይ ማደር ምንም ነውር የለበትም። ከ3,500 ሜትር በላይ በታኅሣሥ ውርጭ ተቃቅፎ መንቀጥቀጥ፣ ከሦስት ቀን በፊት ላብ በላብ ሆኖ እስክስታ ከመታ ጓደኛ ጋር ከሆነ፣ ያስቃል፤ ሊጻፍም ይገባዋል። ግን ያ ሌሊት ሦስተኛ ሰው ነበረው። ፓርኩ ያለ ታጣቂ ስካውት አያስገባም፤ ከድንኳኑ ውጭ ጠመንጃውን አቅፎ፣ በብርድ ልብስ ተጀቡኖ የሚጠብቀው እሱ ነው። ከስካውቶቹና ከበቅሎ ነጂዎቹ ብዙዎቹ የዚያው ተራራ መንደሮች ልጆች ናቸው። የት እንደተወለደ፣ ቤታቸው የቱ ጋ እንደነበር፣ ገብሱ የት ይዘራ እንደነበር መጠየቅ ይቻላል። በአማርኛ ይመልሳል፤ አስተርጓሚ አያስፈልግም።