ፍርዱ በሆንግ ኮንግ፣ ንብረቱ በማዶ

አንድ ኩባንያ ዕዳውን መክፈል ሲሳነው ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ያዝዛል፤ ሒሳብ አጣሪም ተሾሞ ንብረቱን ሸጦ ለባለገንዘቦች እንደየመብታቸው ያከፋፍላል። ነገር ግን ዳኛው በአንድ ሕግ፣ ንብረቱ በሌላ ሕግ ሥር ሲሆን ነገሩ እንዴት ይሆናል?

ኤቨርግራንድ የተባለው የቻይና ቤት ሠሪ ኩባንያ ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ ሳለ፣ የሆንግ ኮንግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. እንዲፈርስ ፈረደ። አቤቱታው የቀረበው በ2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኩባንያው ከባለገንዘቦቹ ጋር እንዲስማማ ቀጠሮው በየጊዜው ተላልፎለት ነበር።

ሆኖም መሬቱና ሕንጻው የሚበዛው በዋናው ቻይና ነው። ሆንግ ኮንግ የቻይና ግዛት ብትሆንም ሕጓና ዳኝነቷ ልዩ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ከዚያ የሚላኩትን ሒሳብ አጣሪዎች እንዲቀበሉ የተመደቡትም የሻንጋይ፣ የሺያመንና የሸንጀን ፍርድ ቤቶች ብቻ ነበሩ። ከዚህም በላይ የቻይና መንግሥት ያስቀደመው፣ ዋጋ ከፍለው ቤት ያልተረከቡትን ዜጎቹን ነው።

ውጤቱም ታየ። እስከ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ባለገንዘቦች የጠየቁት 45 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ አጣሪዎቹ ከሽያጭ ያገኙት 255 ሚሊዮን ገደማ፣ ይኸውም ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው። እንግዲህ አበዳሪ ሁሉ የወለዱን መጠን ከመጠየቁ አስቀድሞ፣ ነገር የተበላሸ እንደሆነ ንብረቱን የሚይዝለት የየትኛው አገር ዳኛ እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል።