ለሂላል ምሽት የራሳችን ባትሪ ይኑረን



የሸዕባን 29 ምሽት ሂላልን በባለ መስታወት ቴሌስኮፕ ስንፈልግ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ማቀዝቀዣ ፋን ኤሌክትሪክ ከየት ታግኝ?

ፋኗ ቅንጦት አይደለችም። ቴሌስኮፑ ከሞቀ ክፍል ወደ ቀዝቃዛ ምሽት ሲወጣ መስታወቱ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ከፊቱ የሚነሳው ሞቃት አየር ምስሉን ያርገበግበዋል። ቀጭኗ ጨረቃ ደግሞ ከፀሐይ በኋላ ብዙ አትቆይም፤ መስታወቱ በራሱ እስኪቀዘቅዝ ብንጠብቅ ታመልጠናለች። ስለዚህ ፋኗ ከመግሪብ አንድ ሰዓት ያህል ቀድማ መዞር አለባት፤ ቴሌስኮፑ እንደተከደነ።

አንዳንዶቻችን "የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ ባትሪ እንዋስ" እንላለን። እኛ አንስማማም። ለአዛን ተብሎ የተሰጠ ዕቃ አማና ነው፤ ዓላማችን መልካም ስለሆነ ብቻ ለሌላ ሥራ አናውለውም። ከሕንፃ ኤክስቴንሽን መሳብም ሰው በጨለማ ለሶላት በሚሰለፍበት ቦታ ጠልፎ ይጥላል።

የሚያስፈልገን ጥቂት ነው። የኮምፒውተር ዓይነት ባለ 12 ቮልት ትንሽ ፋን 0.2 አምፔር ያህል ቢወስድ፣ ባለ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ተጠቅመን ከ15 ሰዓት በላይ ያዞራታል። ቀዩን ሽቦ ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጌቲቭ ማገናኘት፣ መሃል ላይ ፊውዝ ማስገባት ይበቃል።

ይህን ተዋጥተን እንግዛ፤ ለአንድ ሰው ብዙ የሆነ ለጀመዓ ቀላል ነው። አደራ ግን፦ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ማንም በቴሌስኮፑ አይመልከት፤ ዓይን ያጠፋል።

ወሏሁ አዕለም።